«ኬሚካል ነው» እያላችሁ እናቶቻችንን አትግደሉ!

ሰሞኑን አንድ ማርና ቅጠል ቀላቅሎ የሚሸጥ ሰውዬ በቪዲዮ «ኢንሱሊን ኬሚካል ነው፣ ተፈጥሯዊውን ተጠቀሙ» ሲል አየሁ። አልፌው ልሄድ ነበር። ኮሜንቱን ሳይ ግን የቀድሞ ተማሪዬ «ለእናቴ ፈልጌ ነበር፣ ስልክህን ላክልኝ» ብሏል። ባዮሎጂ ያስተማርኩት ልጅ! ስሙን አልጠራም፤ ዝም ግን አልልም።

እስቲ እንነጋገር። ኬሚካል ያልሆነ ምግብ የለም። እንጀራው፣ ቅቤው፣ ሽሮው፣ አንተም ራስህ፣ ውኃውን ትተን ዋናው አካላችሁ ካርቦን ላይ የተገነባ ሞለኪውል ነው። ሰውነት ደግሞ የሚያየው ሞለኪውሉን እንጂ ማን እንደሠራው አይደለም።

ማር ምንድን ነው? በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ። ስኳር ነው በቃ! ንብ ስለሠራችው ደም ውስጥ ሲገባ ጠባዩን አይቀይርም። እንጀራም ባይጣፍጥ ስታርቹ በሰንሰለት የተያያዘ ግሉኮስ ነው።

ኢንሱሊንስ? ፕሮቲን ነው። 51 አሚኖ አሲዶች፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በሕክምና ላይ ያለው «የሰው ኢንሱሊን» የሰው ዘረመል የገባባቸው ባክቴሪያዎች የሚያመርቱት ነው፤ የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ጤነኛ ቆሽት ከሚሠራው ጋር አንድ ነው። ታዲያ የቱ ነው «ባዕድ»?

«ተፈጥሯዊ ነገር አይጎዳም» ለምትሉ፦ እንዶድ ተፈጥሯዊ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ግን ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎችን ሲገድል ነው ያገኙት። የሚገድለው ሳፖኒን የሚባል፣ ያው ካርቦን ያለበት ሞለኪውል ነው። ቅጠል ሁሉ ውሸት ነው አላልኩም። ቅጠል ቢጠቅምም ቢጎዳም ውስጡ ባለው ኬሚካል ነው፤ ምን ያህል እንዳለበት ሳይታወቅ መጠጣት ግን ቁማር ነው።

ጥፋቱ የእኛም የመምህራን ነው። «አራቱን ባዮሞለኪውሎች ዘርዝር» ብለን ማርክ ሰጠን። ማር ከየትኛው ይመደባል ብለን ግን አልጠየቅንም። ልጆቹ ካርቦሃይድሬት፣ ፕሮቲን፣ ሊፒድ፣ ኒውክሊክ አሲድ ብለው ደፍነው ወጡ፣ ከፈተና ማግስት ረሱት። ሻጩ ያንን ክፍተት ነው ገንዘብ ያደረገው።

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ እናትህን ኢንሱሊን እንዳታስቆማት። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ዓይነት 2ም ቢሆን ሐኪሟን ሳታማክር አንድም መርፌ እንዳታስቀርባት። ጥያቄ ካለህ ደውልልኝ፣ አልቆጣህም።

ቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ያላችሁ፣ ይህን አንብቡላቸው።