«ካርዱ ሞቷል» ከመባሉ በፊት ሳጥኑ ይከፈት

ከፔካ 12 ዴስክቶፕ ጭነን አገር ቤት ስንልክ ደጋግመን የምንሰማው ስሞታ አንድ ነው፦ «ኮምፒዩተሩ ይበራል፣ ግራፊክስ ካርዱን ግን አያውቀውም።» ጠጋኝ ይጠራል፣ «ካርዱ ሞቷል» ይላል፣ ገዢው ሌላ ካርድ ይገዛል፣ እኛም ደንበኛ እናጣለን። እኔ እጅ ተመልሶ የገባው አብዛኛው ካርድ ግን አልሞተም። መንገድ ነው ያነቃነቀው። ጥፋቱም የእኛ የላኪዎቹ ነው።

ባለፈው ዓመት ድሬዳዋ የሰርግ ቪዲዮ ለምታቀናብር አንዲት እህት ማሽን በደወሌ በኩል ላክሁ። በሦስተኛው ቀን ደወለች። «ወንድሜ፣ የዕቁብ ብሬን እኮ ነው የሰጠሁህ» አለችኝ። የቅዳሜ ሰርግ ተቀብላ ነበር። በስልክ ካሜራ እያየሁ ሳጥኑን አስከፈትኋት። ካርዱ በአንድ ጎኑ ከስሎቱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ብሎኑን ያላሰርሁት እኔ ነኝ። እሷ ግን እስከዚያ ድረስ ለሌላ ካርድ ቀብድ ከፍላለች፤ ቀብዱም አልተመለሰላትም።

ስለዚህ የደረሰው ዕቃ ካርዱን ካላየ መጀመሪያ ከኋላ ያለውን የስክሪን ኬብል እዩ። ከዩኤስቢና ከድምፅ ቀዳዳዎቹ አጠገብ ከተሰካ ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ ዝቅ ብሎ ለብቻው ካለው የካርዱ ቀዳዳ ላይ ይሰካ። ስሙ በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው፣ ኬብሉ ማዘርቦርዱ ላይ ከሆነ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በዚህ ብቻ «ተቃጥሏል» የተባለ ማሽን አይቻለሁ።

ካልሆነ መብራቱን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ሳጥኑን ክፈቱ። በስሎቱ ጫፍ ያለችውን መያዣ ተጭናችሁ ካርዱን ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። የወርቅ ቀለም ያለውን ጥርሱን በነጭ ላጲስ በቀስታ ጥረጉት፣ ፍርፋሪውን አራግፉ። እዚህ የባሕሩ ጨዋማ እርጥበትና የከባድ መኪናው አቧራ አንድ ላይ ስለሚሠሩ ይህን አትናቁ። ከዚያ ቀጭ እስኪል መልሱና ብሎኑን እሰሩ።

ኃይሉም ይታይ። ስሎቱ ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ትልልቆቹ ካርዶች ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ከፓወር ሳፕላይ ይፈልጋሉ። የፕሮሰሰሩ 8 ፒን ከካርዱ ጋር ቢመሳሰልም አንድ አይደለም፤ እንቢ ያለውን በግድ አታስገቡ። በዲቫይስ ማናጀር ካርዱ ቢጫ ምልክት ይዞ ከታየ ብዙ ጊዜ ነገሩ የድራይቨር ነው። ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ወደ ስሎቱና ወደ ገመዱ ተመለሱ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ካርዱን ሌላ ማሽን ላይ ሞክሩት። «ሞቷል» ማለት የሚቻለው ያኔ ነው።

የእኔ ሐሳብ ግን ከጥገናው በፊት ይጀምራል። ከባድ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ ሲጫን ካርዱ ይውጣና ለብቻው ይታሸግ። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ደንበኛው ካርዱን ቀየራችሁብኝ ይለናል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ገበያው በሌላ ስም የተለጠፈ አሮጌ ካርድ አይቷል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ ሐሰተኛ የኤንቪዲያ ካርዶችን የሚለይበት ምክንያትም ይኸው ነው። እንግዲያውስ ማሽኑ እየሠራ ፕሮግራሙን ከፍተን፣ የካርዱን መለያ ቁጥር ጨምረን በቪዲዮ እንቅረጽና ለገዢው እንላክ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ሳናደርግ ልከን ካርዱ መንገድ ላይ ከተነቀለ፣ የጠጋኙን ሒሳብ ላኪው ይክፈል። እኔ የዚያችን እህት ቀብድ ከሚቀጥለው ዕቃዋ ላይ ቀንሼላታለሁ።