የአፍተግር ቫይረስ የዘር ሐረግ እና ያልተወሰዱ ናሙናዎች

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ በኢራቅ፣ በዮርዳኖስና በቱርክ ሳት 2 በተባለው ሴሮታይፕ የሚመጣ የአፍተግር በሽታ ተመዘገበ። የቫይረሱ የዘረመል ቅደም ተከተል ሲነበብ ከቶፖታይፕ 14 የሚመደብ ሆኖ ተገኘ፤ ከቅርብ ዘመዶቹም መካከል በ2022 ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ቫይረሶች ነበሩ።

ይህ ውጤት «በሽታው ከኢትዮጵያ ሄደ» ተብሎ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። አባባሉ ግን ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ ይናገራል። ለዝምድና ትንተና በአብዛኛው የሚነበበው ቪፒ1 የተባለውን የውጭ ሽፋን ፕሮቲን የሚወስነው ክፍል ነው። ርዝመቱም ከ8 ሺህ በላይ ኑክሊዮታይድ ካለው ጠቅላላ ዘረመል ውስጥ 650 ያህሉ ብቻ ነው። ክፍሉ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የቅርብ ዘመድን ከሩቅ ይለያል፤ የጉዞውን መንገድ ግን ብቻውን አያሳይም። ናሙና ያልተወሰደባቸው አገሮች፣ የከብት ገበያዎችና ወደቦች በሐረጉ ላይ ቅርንጫፍ የላቸውም፤ ቫይረሱ ግን በእነርሱ በኩል አልፎ ሊሆን ይችላል። ናሙና የላከ አገር ይታያል፣ ያልላከ ይሰወራል።

ከዚህ በመነሳት ናሙና መላክ የቁም እንስሳት ንግድን ለወቀሳ ያጋልጣል የሚል ስጋት ቢነሳ አያስገርምም። መፍትሔው ግን ዝምታ አይደለም። ክፍተት ባለበት ሐረግ ላይ ጥቂት ናሙና ያለው አገር ከብዙ ናሙና ባለቤት ይበልጥ ለተሳሳተ ፍርድ የተጋለጠ ነው። ጉዳቱም በውጭ ንግድ አይወሰንም። ለአንድ ሴሮታይፕ የተዘጋጀ ክትባት ከሌላው አይከላከልም፤ በአንድ ሴሮታይፕ ውስጥም ቢሆን ልዩነቱ ሲሰፋ የክትባቱ አቅም ይዳከማል። በእርሻ ወቅት በሬው አንክሶ የቆመበት ገበሬ፣ ከብቱን አስከትቦ ከሆነ፣ ቀጣዩን ክትባት በምን እምነት ይቀበላል?

የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ድርሻ እዚህ ላይ ነው። በአገሪቱ ስለ አፍተግር የሚሠሩ በርካታ ጥናቶች በሴረም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩን በመለካት ያበቃሉ። ይህ ከብቱ ለቫይረሱ መጋለጡን እንጂ የቫይረሱን የዘር መስመር አይነግርም። በወረርሽኝ ወቅት ከአፍና ከሰኮና ቁስል የሚወሰድ ናሙና፣ ቀኑ፣ ቦታውና ከብቱ የተነሳበት አካባቢ ተመዝግቦ፣ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ላቦራቶሪ ቢደርስ ግን ሐረጉ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ይጨምራል። የሳት ቫይረሶች ተፈጥሯዊ ማከማቻ የሆነውን የአፍሪካ ጎሽንም ክትትሉ ሊዘነጋው አይገባም።

የዘር ሐረግ የሚመሰክረው በተሰበሰበለት ናሙና ልክ ነው። የራሱን ናሙና ያልሰበሰበ አገር ታሪኩን ሌሎች በጎዶሎ ማስረጃ ይጽፉለታል።