የመንዝ ኦፓልና መቁጠሪያ

ከከበረ ድንጋይ የተሠሩ የጸሎት መቁጠሪያዎች ዛሬ በዓለም ገበያ በብዛት ይሸጣሉ። በተለይም የቡድሃ እምነት ተከታዮች በተመስጦ ጊዜ የሚቆጥሩበት ባለ 108 ፍሬ መቁጠሪያ፣ በእጅ አንጓ ላይ እንዲጠለቅ በአጭሩ እየተሠራ፣ እምነቱን ለማይከተለውም ሰው ጌጥ ሆኗል። ለዚህ ሥራ ከሚቀርቡት ድንጋዮች አንዱ የኢትዮጵያ ኦፓል ነው። ኦፓል ደግሞ ለሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም። አገራችን በዚህ ማዕድን በውጭ ገበያ መታወቅ የጀመረችው በ1980ዎቹ አጋማሽ በመንዝና ግሼ ምድር ከተገኘው፣ የመዘዞ ኦፓል ተብሎ ከሚጠራው ድንጋይ ነው።

በእኔ አስተያየት ግን ኦፓል ለመቁጠሪያ ፍሬነት አይበጅም።

መቁጠሪያ ከሁሉ አስቀድሞ የጣት ዕቃ ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን 41ዱን ወይም 64ቱን ፍሬ እየቆጠረ ይጸልይበታል፤ ሙስሊሙም በ33 ወይም በ99 ፍሬ ተስቢሕ ይላል። ፍሬው በየዕለቱ በጣት ይታሻል፣ በላብ ይርሳል፣ ከጎረቤቱ ፍሬ ጋር ይጋጫል። እንጨት ይህን ሁሉ ይችላል፤ እንዲያውም በታሸ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ይወዛል። የቡድሃ ተከታዮችም ቢሆኑ ከጥንት ጀምሮ በእንጨትና በዛፍ ፍሬ ሲቆጥሩ ኖረዋል።

ኦፓል ግን ሲሊካና ውሃ ተዋሕደው የፈጠሩት ድንጋይ ነው። የማዕድናት ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ብቻ ይደርሳል። በተራ አቧራ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ 7 ስለሆነ፣ አቧራ እንኳ ይጭረዋል ማለት ነው። የመዘዞው ኦፓል ራዮላይት በተባለ የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ በድቡልቡል እንክብል መልክ ይገኛል፤ ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ ብዙው በመሰንጠቁ ስሙ በገበያ ጎድፏል። በ2000 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ፣ በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው በዚህ በኩል የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ እርሱም ውሃ ይጠጣል። ሲርስ ኅብረ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፤ ዘይትና ሽቶ ከጠጣ ግን ቀለሙ ሊበላሽ ይችላል። እንዲህ ያለውን ድንጋይ በስቶ በላበት አንጓ ላይ ማሰር፣ ባና ደርቦ ወደ ጀማ ቆላ እንደ መውረድ ነው፤ ባናው ግሩም ነው፣ ቦታው ግን አይደለም።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ይታወቃል። «ጥሬውን ድንጋይ ለሕንድ ጠራቢዎች ወደ ጃይፑር ከመላክ፣ እዚሁ በስተን ብንሸጥ ለወጣቱ ሥራ ይሆናል፤ ለቀለበት የማይበቃውም ስብርባሪ ዋጋ ያገኛል» ይባላል። ሐሳቡ ከባድ ነው፤ ድንጋዩ በአገር ውስጥ ይጠረብ በሚለው እኔም እስማማለሁ። የምቃወመው መብሳቱን ነው። ቀዳዳው በተነደለበት በኩል ድንጋዩ ይደክማል፣ ስንጥቁም ከዚያ ሊጀምር ይችላል። ገዢው በዓመቱ የተሰነጠቀ ፍሬ በእጁ ሲያገኝ የሚያማው ሻጩን ብቻ አይደለም፤ አገሩንም ነው። የመዘዞ ድንጋይ ይህን አንድ ጊዜ አይቶታል። (ድንጋዩ ሕመም ይፈውሳል፣ ሐሳብ ያረጋጋል እያሉ የሚሸጡትንማ ማስረጃ አምጡ ማለት ይበቃል።)

ስለዚህ የሚጠረበው ኦፓል በብር ታቅፎ የአንገት ወይም የጆሮ ጌጥ ቢሆን ይሻላል፤ በዚያ መታሸቱም መጋጨቱም ያንሳል። ሻጩም ከውሃ፣ ከዘይትና ከሽቶ እንዲጠበቅ ለገዢው በግልጽ ይንገር። መቁጠሪያ መሥራት የሚፈልግ ባለሙያ ደግሞ ፍሬዎቹን ከእንጨት ጠርቦ፣ ጣት እየቆጠረ በማያልፍበት በጫፉ መስቀል ላይ አንዲት ያልተበሳች ኦፓል ሊያኖር ይችላል።