ልጆችን የሚያምን መጽሐፍ

ለልጆች የምንጽፋቸው መጻሕፍት ምክር አብዝተዋል። አዋቂው ይናገራል፣ ልጁ ይሰማል። ምክርን አልጠላም፤ ነገር ግን ልጆች ራሳቸው ተማክረው፣ ሥራ ተከፋፍለው ከችግር የሚወጡበት ታሪክም ያስፈልገናል። ይህን ይበልጥ እንዳምን ያደረገኝ ጀርመናዊው ኤሪክ ኬስትነር እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመው «ኤሚልና መርማሪዎቹ» ነው። በልጅነቴ በእንግሊዝኛ ትርጉም ወድጄ ያነበብኩትን ይህን መጽሐፍ ሰሞኑን እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ፣ ለልጄ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት።

የኤሚል እናት ባሏ የሞተባት፣ የሰው ፀጉር እየሠራች ልጇን የምታሳድግ ሴት ናት። በርሊን ወዳሉት አያቱ 140 ማርክ አስይዛ ብቻውን በባቡር ትልከዋለች። አብዛኛው ገንዘብ የአያቱ ነው። ልጁ ፖስታውን ከኮቱ ገበር ጋር በስፒል ያያይዘዋል። «እንደ አያቴ መቀነት!» አለች ልጄ። እውነቷን ነው፤ የጎንደር እናቶችም ገንዘባቸውን ከገላቸው አያርቁም።

ኤሚል እንቅልፍ ሲጥለው ገንዘቡ ይሰረቃል። በርሊን ሲደርስ የማያውቃቸው የሰፈር ልጆች ከጎኑ ይቆማሉ። ሳንቲም ያዋጣሉ፣ ሌባውን ይከታተላሉ። ከልጆቹ አንዱ ለሆነው ለትንሹ ዲንስታግ የደረሰው ሥራ ግን ቤት ተቀምጦ ስልክ መጠበቅ ነው። ጓደኞቹ ከተማውን ሲያስሱ እሱ ቦታውን አይለቅም። በመጨረሻ የኤሚል አያት ለይተው የሚያመሰግኑት እሱን ነው። ዛሬ ሳነበው ልቤን የነካው ይህ ገጽ ነው። ማንም ሳያየው ኃላፊነቱን የሚወጣ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ስንፈልግ እንውል የለ?

ሌላም አለ። ልጆቹ ሌባውን ባንክ ድረስ ከበው ሲከተሉት ማንም ድንጋይ አያነሳም። ሌባውን የሚረታው ኖቶቹ ላይ የቀረው የስፒል ቀዳዳ ነው። ጥርጣሬ ብቻውን ሰው ላይ አያስፈርድም፤ ማስረጃ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1933 ናዚዎች የኬስትነርን መጻሕፍት በርሊን አደባባይ ላይ አቃጠሉ፤ ደራሲው ራሱ ሕዝቡ መሃል ቆሞ አይቷል። «ኤሚል» በዝናው ከእሳቱ ተረፈ። ሥዕሎቹን የሣለው አይሁዳዊው ቫልተር ትሪር ግን እ.ኤ.አ. በ1936፣ ጣሊያን ጎንደር በገባበት ዓመት፣ ወደ ለንደን ተሰደደ። ይህን ሳስብ፣ ከልጅነቱ ማስረጃ መጠየቅ የለመደ ሰው በጩኸት በቀላሉ አይነዳም እላለሁ። ለእኛም ዘመን የሚበጀው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ጎንደር ለእንዲህ ያለ ታሪክ አታንስም። ፒያሳ ሊስትሮዎች አሉ፣ ከአዘዞ የሚመላለስ ታክሲ አለ፣ በየመንደሩ ኳስ የሚያባርሩ ልጆች አሉ። እዚህ ማራኪ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢም ብዕር ያላቸው ወጣቶች አይጠፉም። ጥሪዬ ለእነሱ ነው፤ ልጆቻችን ሰፈራቸውን የሚያገኙበት መጽሐፍ ጻፉልን። ስትጽፉም ብልሃቱንና ኃላፊነቱን ለልጆቹ ስጧቸው፤ ይችሉታል።