ባንጆን ማን ነጭ አደረገው?

በ1920ዎቹ መጨረሻ ኦስቲንና ሊ አለን የተባሉ ሁለት ነጭ ወንድማማቾች ከቴኔሲ ግዛት፣ ከቻተኑጋ ከተማ ተነስተው ለኮሎምቢያ ኩባንያ ሸክላ አስቀረጹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ ባንጆ፣ ሌላው ጊታር ይጫወታል። ሸክላው ገበያ ላይ ሲወጣ የተሰጠው መለያ ቁጥር ከ14 ሺህ የሚጀምረው ሆነ። ኩባንያው በዚያ ዘመን 14 ሺዎቹን ለጥቁር ዘፋኞች፣ 15 ሺዎቹን ደግሞ ለነጭ የገጠር ዘፋኞች መድቦ ነበር። ወንድማማቾቹ ስማችን ጠፋ ብለው ተቆጡ፤ እንከሳለን ብለው ዛቱ፤ በመጨረሻም ኮሎምቢያን ትተው ወደ ተፎካካሪው ቪክቶር ሄዱ።

ቁጣቸው አያስገርምም። ጥቁርና ነጭ በአንድ የባቡር ፉርጎ በማይቀመጥበት የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ዘመን በጥቁር መዝገብ መጻፍ ለአንድ ነጭ ውርደት ነበር። የሚያስገርመው የኩባንያው ሰዎች ነገር ነው። እንጀራቸው ሙዚቃ ማዳመጥ የሆነ ሰዎች የወንድማማቾቹን ድምፅ ሰምተው ወይ ነጭነታቸውን አልለዩም፣ ወይ ለይተው ለጥቁር ገዢ ይሸጣል ብለው ገምተዋል። በየትኛውም ቢሄዱ ድንበሩ ሙዚቃው ውስጥ አልነበረም ማለት ነው።

ይህ የመቶ ዓመት ታሪክ ዛሬ የሚነሳበት ምክንያት አለ። ጥቁሯ ዘፋኝ ቢዮንሴ በ2024 «ካውቦይ ካርተር» የተሰኘውን አልበሟን ካወጣች ወዲህ አሜሪካውያን ካንትሪ ሙዚቃ የማን እንደሆነ ሲከራከሩ ከርመዋል። ገሚሱ በሰው ግቢ እንደገባች እንግዳ አያት፤ ገሚሱ የተዘረፈ ርስቷን ልታስመልስ እንደመጣች ወራሽ አጨበጨበላት። ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ሳይመረምር ተቀብሏል፤ ካንትሪ ከጥንት ጀምሮ አጥር ያለው ግቢ ነበር የሚለውን። አጥሩ ግን ከሙዚቃው በእጅጉ ያነሰ ዕድሜ ነው ያለው። ያጠሩት ሰዎችም በስም ይታወቃሉ።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው። በፊልም የሚታየው ባንጆ አብዛኛውን ጊዜ በአፓላቺያ ተራሮች፣ ደጁ ላይ በተቀመጠ ነጭ ሽማግሌ እጅ ነው። የባንጆ ዘር ሲቆጠር ግን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይሄዳል። በጋምቢያና በደቡብ ሴኔጋል የሚኖሩት ጆላዎች አኮንቲንግ የሚሉት መሣሪያ አላቸው፤ ቆዳ የተወጠረበት ቅል፣ ረጅም የእንጨት አንገት፣ ሦስት ክር፣ ከሦስቱም አንዷ አጭር ሆና በአውራ ጣት የምትመታ። ያቺ በአውራ ጣት የምትመታ አጭር ክር ዛሬም በአምስት ክሩ የአሜሪካ ባንጆ ላይ አለች። ሐኪሙ ሃንስ ስሎን በ1687 ጃማይካ ደርሶ ባሪያዎች ከቅል ሠርተው የሚጫወቱባቸውን መሣሪያዎች አይቶ ነበር፤ በ1707 ባሳተመው መጽሐፍም ሥዕላቸውን አስገብቷል። ቶማስ ጄፈርሰን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባሪያዎች የነበሩት ያ የነጻነት አዋጅ ጸሐፊ፣ ስለ ቨርጂኒያ በጻፈው መጽሐፉ መሣሪያው ጥቁሮች ከአፍሪካ ይዘውት የመጡት መሆኑን መስክሯል። በእነሱ ዘመን ባንጆ የነጭ ነው የሚል ሰው ቢገኝ ይሳቅበት ነበር።

ነጮች መሣሪያውን የተማሩት ከጥቁሮች ነው። ከቨርጂኒያ አፖማቶክስ የተነሳው ጆኤል ስዊኒ ባንጆን ከባሪያዎች ተምሮ መድረክ ላይ በመጫወት ከሚታወቁት ነጮች የመጀመሪያው ሆነ። በ1843 ቨርጂኒያ ሚንስትሬልስ የተባለው ቡድን ኒው ዮርክ ላይ ሙሉ ትርኢት አቀረበ፤ አራት ነጮች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው፣ እንደ ባሪያ እየተናገሩ፣ እየተንጋደዱና እየዘለሉ። ትርኢቱ አገሩን አጥለቀለቀው። እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢን የሚያስቆም ነገር አለ፤ ከእነዚህ ቡድኖች ብዙዎቹ ራሳቸውን በኢትዮጵያ ስም ይጠሩ ነበር። በ1844 ኢትዮጵያን ሰሬኔደርስ የተባሉት ፊት ያጠቆሩ ነጮች በፕሬዚዳንት ጆን ታይለር ፊት በዋይት ሃውስ ተጫውተዋል። የስቲቨን ፎስተር ታዋቂ ዘፈኖችም «የኢትዮጵያ ዜማ» ተብለው ታትመው ይሸጡ ነበር። ከአድዋ ድል ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ሐበሻን አይቶ የማያውቅ ሕዝብ ከመጽሐፍ ቅዱስ ያገኘውን ስም ለጥቁር ሁሉ መጠሪያ፣ ከዚያም ለመሳለቂያ አደረገው።

ይህ ፌዝ ቀላል ጉዳት አላደረሰም። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን በኋላ ባንጆን ትተው ወደ ጊታር ያዘነበሉበት አንዱ ምክንያት መሣሪያው የመላገጫ ምልክት መሆኑ ነበር። ሆኖም አልጠፋም። በካሮላይናና በቴኔሲ ገጠሮች ጥቁር ቫዮሊን መቺና ባንጆ መቺ ለጥቁርም ለነጭም ዳንስ ይጠራ ነበር፤ ዜማውም አንድ ነበር።

ከዚያ ሸክላ መጣ።

በነሐሴ 1920 ኦኬ የተባለው ኩባንያ ማሚ ስሚዝ የተባለችውን ጥቁር ዘፋኝ «ክሬዚ ብሉዝ» አስዘፈናት። ሸክላው እንደ ጉድ ተሸጠ፤ ኩባንያዎቹም ጥቁር ሰው ሸክላ ይገዛል ለካ አሉ። በሰኔ 1923 የዚያው የኦኬ ሠራተኛ ራልፍ ፒር ወደ አትላንታ ወርዶ ፊድሊን ጆን ካርሰን የተባለውን ነጭ ቫዮሊን መቺ ቀረጸ። ፒር የሰውየውን አዘፋፈን አልወደደውም፤ ገዢው ግን ወደደው። ለካ ደሃው ነጭ ገበሬም ሸክላ ይገዛል። ሁለት ገበያ ከተገኘ ሁለት ካታሎግ ይዘጋጃል፤ ኦኬ 8 ሺህን ለጥቁሩ፣ 45 ሺህን ለነጩ መደበ። የጥቁሩ «የዘር ሸክላ»፣ የነጩ ደግሞ «ሂልቢሊ» ተባለ፤ የተራራ ባላገር እንደማለት ነው፤ ስድብ ነበር። በ1949 ቢልቦርድ መጽሔት አንደኛውን ሪትም ኤንድ ብሉዝ፣ ሌላኛውን ካንትሪ ኤንድ ዌስተርን ብሎ የስሞቹን ሻካራነት አለሰለሰ። ክፍፍሉን ግን አልነካውም።

ካታሎግ መደርደሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ይህን ያህል አያከራክርም ነበር። ካታሎጉ ግን የሚቀረጸውንም መወሰን ጀመረ። ከጥቁር የሚፈለገው ብሉዝ፣ ከነጭ የሚፈለገው የባላገር ዳንስና የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሆነ። ጥቁር ቫዮሊን መቺ የአያቱን የዳንስ ዜማ ይዞ ቢመጣ የሚገባበት ቁጥር አልነበረውም። ስለዚህ ዛሬ በዚያ ዘመን ሸክላ ብቻ የሚፈርድ ሰው ጥቁሮች ያንን ሙዚቃ አይጫወቱም ነበር ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ ማስረጃው ራሱ በወንፊት ያለፈ ነው።

ከወንፊቱ በታች ያለው ሕይወት ሌላ ነበር። በ1927 ክረምት ፒር፣ አሁን ለቪክቶር እየሠራ፣ ብሪስቶል ከተማ ላይ የካርተርን ቤተሰብና ጂሚ ሮጀርስን ቀረጸ፤ አሜሪካውያን ይህን የካንትሪ ልደት ይሉታል። ከዚያ በኋላ የቤተሰቡ መሪ ኤ ፒ ካርተር ዘፈን ፍለጋ በየተራራው ሲዞር አብሮት የሚሄደው ሌስሊ ሪድል የተባለ ጥቁር ጊታር መቺ ነበር። ሪድል በሲሚንቶ ፋብሪካ አደጋ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው። ካርተር ግጥሙን ይጽፋል፤ ሪድል ዜማውን በጆሮው ይዞ ይመለሳል። በኋላ ዝነኛ የካንትሪ ዘፋኝ የሆነው ሃንክ ዊልያምስ በልጅነቱ አላባማ ውስጥ ጊታር የተማረው ከሩፈስ ፔይን፣ ጥቁር የመንገድ ሙዚቀኛ ነው። በ1930 ጂሚ ሮጀርስ ሆሊውድ ላይ ከቀረጻቸው ዘፈኖች በአንዱ መለከቱን የነፋው ጥቁሩ የጃዝ ሙዚቀኛ ሉዊስ አርምስትሮንግ፣ ፒያኖውን የተጫወተችው ሚስቱ ሊል ሃርዲን ናት።

ከሁሉም ይልቅ የዲፎርድ ቤይሊ ታሪክ ልብ ይነካል። በ1899 ቴኔሲ ውስጥ የተወለደ፣ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ቁመቱ አጭር ሆኖ የቀረ ጥቁር አርሞኒካ ነፊ ነው። በታኅሣሥ 1927 አንድ ቅዳሜ ምሽት የናሽቪል ሬዲዮ አስተዋዋቂ ጆርጅ ሄይ ከክላሲካል ሙዚቃ ዝግጅት ተከትሎ ፕሮግራሙን ሲከፍት ቤይሊን አቀረበ። ቤይሊ ባቡር ሲመጣ፣ ሲያፏጭ፣ ሲርቅ በአንዲት አርሞኒካ አሰማ። ሄይም ከግራንድ ኦፔራው ቀጥሎ የሚመጣው ግራንድ ኦል ኦፕሪ ነው ብሎ ቀለደ፤ የካንትሪ ሙዚቃ ትልቁ መድረክ ስሙን ያገኘው በዚያች ቀልድ ነው። ቤይሊ በቀጣዩ ዓመት ከማንም የበለጠ በፕሮግራሙ ላይ ቀርቧል። ከነጮቹ ጋር በየከተማው ሲዞር ግን እነሱ የሚያድሩበት ሆቴል አያስገባውም፤ የሚበሉበት ምግብ ቤትም አያስተናግደውም። በ1941 የሬዲዮ ጣቢያዎች ከደራሲያን መብት ማኅበር ጋር ሲጣሉ ሕዝብ የሚያውቃቸው የቤይሊ ዜማዎች ከአየር ታገዱ፤ በዚያው ዓመት ከሥራው ተሰናበተ። ሄይ በ1945 ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ ስንብቱን በስንፍና፣ ስንፍናውንም በዘሩ አሳበበ። ቤይሊ ናሽቪል ውስጥ ሊስትሮ ከፍቶ ጫማ እየጠረገ ለአሥርተ ዓመታት ኖረ። በ1982 አረፈ፤ የካንትሪ የዝና አዳራሽ ስሙን የተቀበለው በ2005 ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ የሰማ ሰው ሙዚቃው ተሰረቀ ቢል አያስደንቅም። ግን ጠበቅ አድርጎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሪድልና ካርተር አብረው ነው የተጓዙት፤ ፔይን ዊልያምስን ወዶ ነው ያስተማረው። ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ የመጣው የቫዮሊን ዜማ ጥቁሮች እጅ ገብቶ ሌላ ምት አግኝቷል፤ ያም ተመልሶ ነጮች ጋር ደርሷል። ዜማን በጋራ መጫወት ስርቆት ቢሆን በዓለም ላይ ሌባ ያልሆነ ሙዚቀኛ አይገኝም ነበር። ጥቁሮቹ የተነጠቁት ሸክላው ላይ የሚጻፈውን ስማቸውን፣ ክፍያቸውንና መድረካቸውን ነው። ይህ ደግሞ በጥቅሉ ባህል ተዘረፈ ከማለት ይልቅ ለመመርመርም ለመካስም ይቀላል፤ ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን እንደተከፈለው መዝገቡ ይገኛልና።

የገበያው ሰዎች ጥቁርን በካንትሪ ለማቅረብ የነበራቸው ሐፍረት ቀስ ብሎ ነው የለቀቃቸው። በ1966 የጥቁሩ ዘፋኝ የቻርሊ ፕራይድ የመጀመሪያ ሸክላዎች ሲወጡ ኩባንያው ፎቶውን ለሬዲዮ ጣቢያዎች አልላከም፤ ድምፁን ሰምተው ከወደዱት በኋላ ይወቁት ተብሎ። ዘዴው ሠራ፤ በ1971 ፕራይድ የካንትሪ ማኅበርን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ሊንዳ ማርቴል በ1969 በግራንድ ኦል ኦፕሪ ብቻዋን የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ብትሆንም ከአንድ አልበም በኋላ በሩ ተዘጋባት። በ2019 ደግሞ ቢልቦርድ የጥቁሩን ራፐር የሊል ናስ ኤክስን «ኦልድ ታውን ሮድ» ካንትሪነቱ አይበቃም ብሎ ከካንትሪ ሰንጠረዡ አወጣው። ያው ዘፈን በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ አናት ላይ 19 ሳምንት ተቀመጠ።

ቢዮንሴ የመጣችው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። «ቴክሳስ ሆልደም» በተባለው ዘፈኗ ላይ ባንጆውን የተጫወተችው ሪያነን ጊደንስ የሰሜን ካሮላይና ተወላጅ ናት፤ ሙዚቃውን ከጆ ቶምፕሰን እግር ሥር ተቀምጣ ነው የተማረችው። ቶምፕሰን በ1918 የተወለደ፣ የቤተሰቡን የቫዮሊን ዜማ ይዞ የቆየ ጥቁር ሽማግሌ ነበር። በ2005 ቡን ከተማ በተደረገው የጥቁር ባንጆ ጉባኤ የተገናኙት ጊደንስና ባልደረቦቿ ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የተባለ ቡድን መሥርተው ያንን ሙዚቃ ይዘው በ2011 ግራሚ ተሸለሙ። በዚህ ጸሐፊ ግምት ከቢዮንሴ አልበም ይልቅ የቶምፕሰን ቤት ይበልጣል። ዝነኛ ሰው ጩኸቱን ያመጣል እንጂ ዜማውን ሳይቋረጥ ያቆየው የዚያ ዘመን ካታሎጎች ቦታ ያልሰጡት ሰው ነው።

በየካቲት 2025 «ካውቦይ ካርተር» የዓመቱ አልበምም ምርጥ የካንትሪ አልበምም ተብሎ ግራሚ ወሰደ። ከጥቂት ወራት በኋላ የግራሚ አዘጋጆች የካንትሪ አልበም ሽልማትን ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ዘመናዊ፣ ሌላው ባህላዊ። ሐሳቡ ቀድሞም የነበረ ነው ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። ባህላዊ ለሚባለው ካንትሪ መለያ ተደርገው ከተጠቀሱት መሣሪያዎች መካከል ቫዮሊንና ባንጆ አሉበት። አዘጋጆቹ ጊደንስን የመሰለ ሙዚቀኛ አልበም ሲቀርብላቸው በየትኛው ክፍል እንደሚያስቀምጡት ማየት ነው።