የምናውቀው ጅብ
ለልጆቻችን የምናወርሰው ጥንቃቄ የማያውቁትን ሰው መፍራት ነው፤ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላልና። በኢንተርኔት ሕፃናትን ለወሲብ የሚያጠምዱ ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ግን ወደ ቅርባችን ይጠቁማል። ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና ኤክፓት የተባለው የሕፃናት መብት ድርጅት ስለ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት መሠረት ጥቃት አድራሹ ብዙ ጊዜ ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማይክል ሴቶ ደግሞ የተዛባ ፍላጎት ብቻውን ወንጀል አይሆንም ይላል፤ ወደ ድርጊት የሚሻገረው ራስን መግዛት ሲላላና አጋጣሚው ሲመቻች ነው። ይህ ለወንጀለኛው ማመካኛ አይሆነውም፤ ለእኛ ግን የቱን በር መዝጋት እንዳለብን ይነግረናል። ከጉና ተራራ ግርጌ ለትምህርት ደብረ ታቦር ወርዳ፣ ቤት ተከራይታ ብቻዋን የምታድር ተማሪን አስቡ፤ ስንቅ ከቤት ይላክላታል፣ ስልክና ካርድ ግን “አይዞሽ” የሚል ዘመድ መሳይ ሊሰጣት ይችላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በወሲባዊ መልእክት ለሚያማልል ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። ሆኖም ልጅቷ ስትናገር “ምን አድርገሽ ነው?” ብለን ከተቀበልናት፣ አዋጁ ከወረቀት አይወርድም። ወላጅ፣ መምህርና አከራይ ልጅን ከመውቀስ ይልቅ ለልጅ ስልክ የሚገዛውን ሰው መጠየቅ ይልመዱ።