«አልተከፈተም» ብሎ መሸጥ ይብቃን

ያገለገለ ላፕቶፕ በምንነግድ ሰዎች ዘንድ አንድ የማሻሻጫ ቃል አለ፤ «አልተከፈተም»። ዕቃው ከዱባይም ይምጣ ከናይሮቢ፣ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ብሎኑ ተነክቶ እንደሆነ ነው። ነጋዴውም ገልብጦ ያሳያል፤ «እየው፣ ጭረት እንኳ የለውም»። እኔ ግን ይህ ቃል ገበያችንን እያበላሸው ነው እላለሁ። ስድስት ዓመት የሠራ ማሽን ተከፍቶ አያውቅም ማለት ፋኑ የስድስት ዓመት አቧራ ይዟል፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለው ፔስትም ሳይደርቅ አልቀረም ማለት ነው። አንድ ሾፌር የጭነት መኪናውን ሊሸጥላችሁ መጥቶ «ስድስት ዓመት ዘይቱ ተቀይሮ አያውቅም፣ የፋብሪካው ነው» ቢላችሁ ትስቁበታላችሁ። ላፕቶፕ ሲሆን ግን ዋጋ እንጨምርበታለን።

ጉዳቱ ሱቅ ውስጥ አይታይም። አሥር ደቂቃ ተከፍቶ፣ አንድ ቪዲዮ ታይቶበት፣ ባትሪው ተለክቶ ገንዘቡ ይቆጠራል። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ቤሩት ወይም ሪያድ ያለች እህት የላከችው ነው፤ ላፕቶፑ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ወንድሟ ነው። ልጁ ከወር በኋላ የሥዕል ፕሮግራም ሲከፍትበት ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ማሽኑ ይንቀረፈፋል፣ አንዳንዴም ድንገት ይጠፋል። ተመልሶ ሲመጣ የምንሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «እሱ ሞዴሉ ነው የሚሞቀው»፣ ወይም «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አድርገው»። ልጁ ለፎርማት ይከፍላል። ፎርማት ደግሞ ብረት አያቀዘቅዝም።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ፕሮሰሰሩም ማቀዝቀዣውም ገጻቸው ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም በጥቃቅን ጉድጓድ የተሞላ ነው፤ ሲገጣጠሙ በመካከላቸው አየር ይቀራል። መዳብ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 400 ዋት በሜትር በኬልቪን አካባቢ ሲሆን የአየር 0.026 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከ15,000 ጊዜ በላይ ነው። ጥሩ ፔስት ራሱ ከመዳብ በብዙ ያንሳል፤ ጥቅሙ አየሩን ከዚያ ጉድጓድ ማስወጣቱ ነው። ስለዚህ ፔስት በራሱ የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት የሚመስላቸው፣ እንደ ዳቦ ማርማላታ የሚደራርቡት ጠጋኞች ተሳስተዋል። ሥራው ስስ ሆኖ ክፍተት መሙላት ነው፤ ሲወፍር ራሱ ብርድ ልብስ ይሆናል።

ፔስቱ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ አየሩ ይመለሳል። አብዛኞቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። እንግዲህ አስቡት፤ በኮር አይ7 ዋጋ የሸጥንለት ልጅ እንደ አሮጌ ኮር አይ3 የሚሳብ ማሽን ነው የያዘው። ይህንን በሌላ ዕቃ ብናደርገው ስሙን እናውቀዋለን።

«አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ምን ሙቀት አለ?» የሚሉ አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየርም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ጅቡቲ፣ ሰመራ ወይም መተማ ለሚሄደው ዕቃማ ምን እንላለን? ጥላ ውስጥ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርስበት አገር የደረቀ ፔስት ይዞ የሚሄድ ላፕቶፕ ከመጀመሪያው ሳምንት ያሳፍረናል።

የምርጫው ጉዳይ ላይ ብዙ ከንቱ ክርክር ይሰማል። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ እርጥብ እስካለ ይሠራል፣ ውኃው ሲተን አቧራ ነው። ስም የሌለውን፣ ከማቀዝቀዣ ጋር በነጻ የሚመጣውን ነጭ ቅባት ለሽያጭ ዕቃ አትጠቀሙ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ፈሳሽ ብረት የሚባለውን ካላደረግን የሚሉ ወጣቶች አሉ። እሱ ጋሊየም ያለበት ነው፤ አሉሚኒየም ይበላል፣ ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ብትፈስ ማሽኑ አለቀለት። ለእኛ ሥራ እንደ አርክቲክ ኤምኤክስ-4 ወይም ኖክቱዋ ኤንቲ-ኤች1 ያለ መካከለኛ ይበቃል። ከዚያ በላይ ውድ የሆነው የሚያተርፈው ጥቂት ዲግሪ ነው፤ ትልቁ ልዩነት በደረቀውና በአዲሱ መካከል ነው ያለው። ባለ 4 ግራሙ መርፌ ከአሥር ላፕቶፕ በላይ ይቀባል። ለእያንዳንዱ አካፍላችሁ አስሉት፤ ሳጥኑን ካሸጋችሁበት ፕላስተር ብዙም አይርቅም።

አቀባቡን ለማያውቅ ጠጋኝ አትስጡት። ባትሪው መጀመሪያ ይነቀል። የማቀዝቀዣው ብሎኖች አጠገብ ብዙ ጊዜ ቁጥር ተጽፏል፤ ሲፈታ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ሲታሰር ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት። አሮጌው ፔስት የሚጸዳው 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው (አረቄ አይደለም፤ ሲደረግ አይቻለሁ)። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር የብረት ክዳን የለውም፤ ስለዚህ ፔስቱ በፕላስቲክ ካርድ ጫፍ ሙሉ ገጹ ላይ በስሱ ይለቅለቅ። አንድ ጥግ ባዶ ከቀረ ሙቀቱ እዚያ ይከማቻል። ክዳን ላለው ዴስክቶፕ ግን መሐሉ ላይ የአተር ፍሬ ታህል ጠብታ ትበቃለች፤ ቀሪውን ጫናው ይዘረጋዋል። ዴስክቶፑ አሮጌ ኤኤምዲ ከሆነ ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርጋችሁ አትሳቡ። ጥቂት አሠርታችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ ገና ሞቅ እንዳለ ዞር ዞር እያደረጋችሁ አላቁት። አለበለዚያ ፕሮሰሰሩ ከነእግሮቹ ተነቅሎ አብሮ ይወጣል።

ሚሞሪው ላይ ያሉትን ለስላሳ ፓዶች ደግሞ ጥላችሁ በፔስት አትተኩ። እዚያ ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ፔስት አይሞላውም። ፓዱ ከተቀደደ በዚያው ውፍረት ይገዛል።

«ሃምሳ ላፕቶፕ ማን ከፍቶ ይጨርሳል?» ይባላል። ለለመደ እጅ አንዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ሃምሳው ለአንድ ልጅ የሦስትና የአራት ቀን ሥራ ነው። ጉምሩክ በር ላይ ከዚያ በላይ ቆመን እናውቃለን። «ብሎኑ ከተነካ ዋጋ ይወርዳል» የሚለው እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ገዢውን ያንን ያስተማርነው እኛው ነን። ስንት ልምድ ያለው ነጋዴ እያወቀ «አልተከፈተም»ን እንደ ምስክር ወረቀት ሲያውለበልብ ገዢው ምን ያድርግ? ከፍተን፣ ጠርገን፣ ፔስት ቀይረን፣ ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፈን ከሥሩ እንለጥፍ። የሱቁ ስምም አብሮ ይኑር፤ ስሙን የጻፈ ሰው ሥራውን አይሸፍንም።

ገዢዎችም ሥልጣኑ አላችሁ። ሻጩን ማሽኑን አሥራ አምስት ደቂቃ ከባድ ሥራ እያሠራ ሙቀቱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ሙቀት የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም ሞልቷል። ሥራ እንደጀመረ በሰከንዶች ውስጥ ወደ 100 ከዘለለ ፔስቱ አልቋል ወይም ማቀዝቀዣው በደንብ አልተቀመጠም። ዴይራም ሆነ ሉቱሊ ጎዳና በጅምላ የምትገዙም ከሎቱ አምስት ስድስት እያነሳችሁ ይህንኑ ሞክሩ። «ሰዓት የለንም» ካሏችሁ የሃምሳውን ፔስትና የልጁን የአራት ቀን ደመወዝ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።